ምዕራፍ 7፦ እሳት ለብረት፣ ብረት ለውኃ፣ ውኃ ለነፋስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ፣ ፍቼንና ገብረ ጉራቻን አልፎ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ፣ እስከዚያ ድረስ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ያመጣው ደጋ በድንገት ከእግሩ ሥር ይከዳዋል። መሬቱ ተሰንጥቆ፣ የማዶው ገደል በጭጋግ ተሸፍኖ፣ ዐባይም ከታች እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል፤ መንገዱ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መገባደጃ በተመረቀው ድልድይ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ፣ በማዶው ገደል ደግሞ ይህንኑ ያህል ወጥቶ ደጀን ያደርሳል። ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ መውረድና መልሶ መውጣት ለእግረኛ የሙሉ ቀን ድካም ሲሆን፣ ለባለ መኪና ግን እጁን በመሪው ላይ አሳርፎ የሚፈጽመው ሥራ ነው፤ ነገር ግን ድካሙ የትም አልጠፋም፤ ከሰው ጉልበት ወጥቶ ወደ ብረት ገባ እንጂ።

ይህን ምዕራፍ ለመጻፍ ያሰብሁት፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሚያዝያ ወር ቀትር ላይ፣ ብቻዬን ስጓዝ፣ ከድልድዩ ወደ ደጀን በሚያወጣው ዳገት እኩሌታ ላይ መኪናዬ ስለ ፈላችብኝ ነው። «ፈላች» የሚለው ቃል የሾፌሮች ነው፤ ከማድ ቤት መዋሳቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኮፈኑ ሥር የሚሆነው ነገር በምድጃ ዙሪያ ከምናውቀው የተለየ አይደለምና። በምዕራፍ 2 ሞተር ነዳጅን በተዘጋ ክፍል ውስጥ እያቃጠለ እንዴት ጉልበት እንደሚያወጣ፣ በምዕራፍ 5 ደግሞ ባትሪውን የሚመግበው ዲናሞ በቺንጊያ፣ ማለት በሞተሩ ፊት ለፊት በሚዞረው የላስቲክ መታጠቂያ አማካይነት ጉልበቱን ከሞተሩ እንዴት እንደሚቀበል አይተናል። በዚያ ጊዜ ሳናነሣው ያለፍነው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም እሳቱ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ የሚተርፈው ሙቀት ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

ሦስት ጀሪካን

አንዲት መጠነኛ የቤት መኪና ከነተሳፋሪዋና ከነጭነቷ 1,500 ኪሎ ግራም ትመዝናለች እንበል። ይህች መኪና ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ወንዙ 1,400 ሜትር ስትወርድ፣ ሾፌሩ በፍሬን ብቻ እየያዘ ቢያወርዳት፣ የምትለቀው ጉልበት ሁሉ በፍሬኑ ሸራዎች ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ሙቀቱም ከ60 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ ይበቃል። በየቤቱ ውኃ የምንቀዳባቸውን ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካኖች ሦስቱን ሞልቶ በአራት ጎማዎች መካከል አከፋፍሎ ማፍላት ማለት ነው። እንዲህ የነደደ ፍሬን መጀመሪያ የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ሽታ ያወጣል፤ ቀጥሎ መርገጫው ከእግር ሥር እየለሰለሰ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በዐባይ ገደል ውስጥ ተገልብጠው የዛጉ የጭነት መኪናዎች ይመሰክሩታል። በዚህ መንገድ ያረጁ ሾፌሮች «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ስለዚህ ነው፤ ዝቅ ባለ ማርሽ የወረደ ሰው ጉልበቱን ከፍሬኑ ላይ አንሥቶ በሞተሩ ላይ ያሳርፈዋል።

አሁን ድልድዩን ተሻግረን መውጣት እንጀምር። ያንኑ ክብደት ያንኑ ከፍታ ለማንሣት ያው ጉልበት ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ፣ በመውረድ ጊዜ ክብደቱ ራሱ የሰጠንን በመውጣት ጊዜ ነዳጅ ሊከፍልልን የሚገባ መሆኑ ነው። ነዳጅ ደግሞ ቸር ከፋይ አይደለም። በግምት ሲነገር፣ ከሚሰጠው ሙቀት ሲሶው ብቻ ወደ ጎማ ደርሶ መኪናዋን ይገፋል፤ ሲሶው በጭስ ማውጫው ያመልጣል፤ የቀረው ሲሶ ሞተሩን በከበበው ብረት ውስጥ ሰርጎ ይገባል። እንግዲህ ለጎማው የሚደርሰው ሲሶ ከሦስት ጀሪካን ጋራ የሚተካከል ከሆነ፣ በብረቱ ውስጥ የሚሰርገውም ሲሶ እንደዚያው ሌላ ሦስት ጀሪካን የሚያፈላ ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ተሸክሞ እንዲያወጣ የተመደበው በራዲያተሩና በሞተሩ መካከል የሚመላለሰው ውኃ ግን በአብዛኛው የቤት መኪና ከ5 እስከ 8 ሊትር ቢሆን ነው። ስድስት ሊትር የስልሳውን ሸክም የሚችለው፣ ሳያርፍ እየዞረ፣ የተቀበለውን ወዲያው አራግፎ ባዶውን እየተመለሰ ብቻ ነው።

አራቱ ባሕርያት በአንድ ኮፈን ሥር

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት፣ የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት መፈጠሩን ሲያስተምሩ፣ እነዚህ አራቱ በጠባያቸው የማይስማሙ መሆናቸውን ሳይናገሩ አያልፉም፤ እሳት ውዑይና ይቡስ፣ ማለት ሞቃትና ደረቅ ሲሆን፣ ውኃ ቆሪርና ርጡብ፣ ማለት ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ ፈጣሪ ግን እርስ በርሳቸው እንዳይጠፋፉ አስማምቶ በአንድ አካል አኖራቸው ይላሉ። ሞተርን የሠሩ ሰዎች ይህን ትምህርት አልተማሩም፤ ይሁን እንጂ ኮፈኑን ከፍቶ የሚመለከት ሰው አራቱንም በአንድ ጎጆ ውስጥ ተጨናንቀው ያገኛቸዋል። በሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለው ነበልባል ለቅጽበት ያህል ከ2,000 ዲግሪ ይበልጣል፤ ብዙውን ጊዜ የሞተሩ ራስ የሚሠራበት አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ያቃጠለው እሳት ራሱን የያዘውን ዕቃ እንዳያቀልጥ የሚጠብቀው ምሥጢር አንድ ነው፤ ሙቀቱ ቆሞ አይጠብቅም፤ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

በገጠር ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ምእመናን ከወንዝ እስከ ሕንጻው ተሰልፈው ድንጋይ ሲቀባበሉ ያየ ሰው፣ የሞተርን ማቀዝቀዣ አይቷል ማለት ይቻላል። እሳት ሙቀቱን ለብረት ይሰጣል፤ ብረት በጎኑ ለሚያልፈው ውኃ ያስረክባል፤ ውኃው በፓምፕ እየተገፋ፣ ማኒኮቶ በሚባለው ወፍራም የላስቲክ ቱቦ አልፎ ወደ ራዲያተሩ ይደርሳል፤ ራዲያተሩ ውኃውን በብዙ ቀጫጭን ቧንቧዎች ስለሚበትነው፣ ከፊት የሚገባው ነፋስ ሙቀቱን ከቧንቧዎቹ ገላ ላይ ጠርጎ ይወስዳል፤ መኪናዋ ስትቆም ወይም ስታዘግም ነፋሱን የሚስበው ቬንቲላተሩ ነው። በሰልፉ መካከል አንድ ሰው ለጥቂት ጊዜ ቢቀመጥ ድንጋዩ የሚከመረው በእርሱ ላይ ሳይሆን ከእርሱ በፊት በቆመው ሰው እግር ሥር ነው። በሞተርም እንዲሁ ነው፤ ነፋሱ ቢያንስ የሚሠቃየው ውኃው ነው፤ ውኃው ቢጎድል የሚሠቃየው ብረቱ ነው፤ ብረቱ ከተጣመመ ግን ለኪስም የሚተርፍ ሥቃይ ነው።

በዚህ ሰልፍ ውስጥ ቴርሞስታት የሚባል አንድ በር ጠባቂ አለ። ሞተሩ ገና ሲነሣ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ በሩን ይዘጋል፤ ሙቀቱ ወደ 85 ወይም ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ ይከፍተዋል። ከውስጡ ያለው አንዲት ቅንጣት ሰም ናት፤ ሰሙ ሲቀልጥ ያብጣል፤ ሲያብጥ በሩን ይገፋል። አንጥረኛ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን እንደሚያፈስስበት ሁሉ፣ እዚህም የሰሙ መቅለጥ ለሌላው መንገድ መክፈት ነው፤ የቅኔ ሰው ቢሆን ከዚህ የተሻለ ነገር ያወጣበት ነበር።

የዐባይ ዳገት ይህን ቅብብሎሽ የሚፈትነው በሁለቱም ጫፎች ነው። በመነሻው በኩል እሳቱ በዝቶ ይነድዳል፤ በመድረሻው በኩል መኪናዋ በሁለተኛ ማርሽ ስለምታዘግም ከፊት የሚገባው ነፋስ ጥቂት ነው፤ የቆላው አየርም ራሱ የሞቀ ስለሆነ ብዙ አይቀበልም። ከኋላ የሚነፍስ ነፋስ ከተጨመረበትማ፣ ወደ ራዲያተሩ የሚመለሰው መኪናዋ ያሞቀችው የራሷ ትንፋሽ ነው።

አፉ የተወተፈ ጀበና

በዚያ ቀን መርፌው ከእኩሌታ በላይ ሲወጣ አየሁት፤ ነገር ግን «እስከ ደጀን ምን ቀረኝ» እያልሁ ነዳሁ። ከሁለት ኩርባ በኋላ ከኮፈኑ ጠርዝ ነጭ እንፋሎት ወጣ፤ ወደ ተራራው ጥግ ይዤ ቆምሁ፤ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ወርጄም ኮፈኑን ከፈትሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለመጻፍ ያሳፍረኛል። መጥረጊያ ጨርቅ በእጄ ጠቅልዬ የራዲያተሩን ክዳን ልፈታ ጎንበስ አልሁ።

ከበስተኋላዬ በዳገቱ እያቃሰተ የሚመጣ አንድ የጭነት መኪና ነበር። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፦ «ጋሼ! ተዉት! እንዳይነኩት!» ብሎ ጮኸ። ረዳቱ መኪናው ሳይቆም ዘልሎ ወረደና እጄን ያዘ።

«ውኃ ልጨምርላት ብዬ ነው» አልሁት።

«ውኃውስ ይደርሳል» አለ ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይወርድ። «መጀመሪያ ትብረድ። እርስዎም ይብረዱ።»

ያን ቀን ከምን ዐይነት ቃጠሎ እንደ ዳንሁ ለማስረዳት ወደ ማድ ቤት ልመለስ። በባሕር ጠረፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታ በጨመርን ቁጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ ባቄላ አልበስል ብሎ የሚያስቸግረው ውኃው ከዚያ በላይ ሊሞቅ ስለማይችል ነው። በዐባይ ወንዝ ዳር በ96 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ውኃ ደጀን ሲደርስ በ92 ይፈላል። እንግዲህ ዳገቱን የምትወጣ መኪና በአንድ በኩል ውኃዋ እየሞቀ፣ በሌላ በኩል የመፍያው ልክ ወደ እርሱ እየወረደ ይመጣል።

መሐንዲሶች ይህን ያሸነፉት ራዲያተሩን በጠንካራ ሞላ በሚጫን ክዳን በማፈን ነው። አፉ የተወተፈ ጀበና ከፍም ላይ ሲቀመጥ እንፋሎቱ ውታፉን ይገፋል፤ ውታፉ እስካልወጣ ድረስ ግን ውስጡ ያለው ውኃ ከተለመደው ልክ አልፎ ይሞቃል። በራዲያተር ውስጥም ክዳኑ ከውጭው አየር በላይ አንድ እጥፍ ያህል ግፊት ስለሚይዝ፣ ውኃው ከ115 ዲግሪ በላይ ቢሞቅ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ክዳኑን የሚከፍት እስካልመጣ ድረስ። በተከፈተ ጊዜ ግፊቱ በአንድ አፍታ ይጠፋል፤ ውኃውም በ92 ዲግሪ ሊፈላ የሚገባው ሆኖ ሳለ በ110 ዲግሪ ራሱን ያገኘዋል፤ ስለዚህ እየፈላ ሳይሆን እየፈነዳ ይወጣል። አንድ ሊትር ውኃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ስለሚይዝ፣ ከውኃው ጥቂቱ እንኳ ወደ እንፋሎት ቢለወጥ የቀረውን ሁሉ እንደ ጥይት ወደ ፊት ይገፋዋል። የመካኒክ ልጆች ፊትና ክንድ ላይ የሚታየው ጠባሳ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

ከመኪናዋ በፊት ቦታው

ብቻውን የሚጓዝ ሰው ለመኪናው ከማሰቡ በፊት ለቆመበት ቦታ ሊያስብ ይገባል፤ በፈላ ሞተር ሰው የሚሞተው ከስንት አንድ ሲሆን፣ በኩርባ ላይ በቆመ መኪና ግን በየጊዜው ይሞታል። መርፌው ከእኩሌታ ማለፍ ሲጀምር የቀዝቃዛ አየር መስጫውን አጥፍቶ፣ በቀትርም ቢሆን የሙቅ አየር መስጫውን እስከ መጨረሻው መክፈት ያስፈልጋል፤ ከመቀመጫው ፊት የተደበቀች ትንሽ ራዲያተር ስላለችው፣ ለደከመው ሰልፍ አንድ ተጨማሪ ሰው ማሰለፍ ማለት ነው። ተሳፋሪው በላብ ይጠመቃል እንጂ ሞተሩ ብዙ ጊዜ እስከ ሰፊው የመንገድ ጥግ ይደርሳል። እንፋሎት ከወጣ ወይም መርፌው ቀዩን ከነካ ግን ድርድር የለም፤ ከሚታይ ኩርባ ርቆ፣ ከገደሉ ጎን ሳይሆን ከተራራው ጎን ይቆማል።

ከዚያ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ የፊት ጎማ ወደ ተራራው ይዞራል፤ በጎማዎቹ ሥር ድንጋይ በታኮነት ይገባል፤ ከበስተኋላ፣ ከኩርባው ማዶ ለሚመጣው እንዲታይ ተደርጎ፣ የማስጠንቀቂያው ሦስት ማዕዘን ይተከላል። ሦስት ማዕዘን የሌለው ሰው በአገራችን ልማድ የዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከነቅጠሉ በአስፋልቱ ጠርዝ ያነጥፍና ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ይጭንበታል። ይህን ልማድ አልንቀውም፤ ለእኔም የጭነት መኪናው ረዳት ያደረገልኝ ይህንኑ ነው። ሰው በመኪናው ውስጥ ወይም ከኋላው አይቀመጥም፤ ከፍ ብሎ፣ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፤ የት እንዳለም ለአንድ ሰው፣ ያለፈውን ከተማና የሚቀጥለውን ጠርቶ፣ በስልክ ይነግራል።

ሾፌሩ ጭነቱን ይዞ በዳገት ላይ ብዙ መቆም ስለማይችል፣ ረዳቱ ቅርንጫፎቹን አንጥፎ፣ ከኪሱም ስፋቷ ሁለት ጣት የሚሆን የከመነዳሪ፣ ማለት የጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ አውጥቶ «ማኒኮቶው ከሆነ ይጠቅምዎታል» ብሎ ሰጥቶኝ፣ ተሰናብተውኝ ሄዱ። እኔም ከአንዲት ግራር ሥር ተቀመጥሁ።

መካኒክ ሳይኖር

እንዲህ ተቀምጬ ሳለሁ ትዝ ያለችኝ በርታ ቤንዝ ነበረች። በ1888 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በነሐሴ ወር፣ ባሏ ካርል ቤንዝ የሠራውን ባለ ሦስት ጎማ ሠረገላ ሳትነግረው አስነሥታ፣ ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን አስከትላ፣ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘች። ከዚያ በፊት በሞተር መኪና እንዲህ ያለ ረጅም መንገድ የሄደ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ በመንገድ ላይ የሚጠራ መካኒክም፣ የነዳጅ ማደያም፣ አልፎ ሲሄድ «ምን ሆናችሁ» የሚል ሾፌርም አልነበረም። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ወጋችው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው ሽፋን ሲያረጅ በእግር ሹራቧ ማሰሪያ ጠቀለለችው፤ ነዳጅ ሲያልቅባት ቪስሎኽ በምትባል ከተማ ከመድኃኒት ቤት ለልብስ ማጽጃ የሚሸጠውን ፈሳሽ ገዛች፤ ፍሬኑ ሲያልቅ በጫማ ሰፊ ቆዳ አስለበጠችው። ዳገት ሲከብድ ልጆቿ እየወረዱ ገፉ።

ከሁሉ የበለጠ የደነቀኝ ግን ውኃው ነው። ያ ሠረገላ ራዲያተር አልነበረውም፤ ውኃው በሞተሩ ዙሪያ ይፈላና እንፋሎት ሆኖ ይጠፋ ነበር፤ ስለዚህ በርታ በየመንገዱ ውኃ ባገኘችበት ሁሉ እየቆመች ትሞላ ነበር። በእርሷ ዘመን መፍላት ብልሽት አልነበረም፤ ሥርዐቱ ራሱ ነበር። ውኃውን ሳያጠፉ ሙቀቱን ብቻ ለነፋስ የማስረከብ ጥበብ በሚገባ የተሟላው በ1901 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቪልሄልም ማይባኽ ለመርሴዲስ መኪና ከ8,000 በላይ ትንንሽ ቧንቧዎች ያሉት፣ የማር እንጀራ የመሰለ ራዲያተር በሠራ ጊዜ ነው። ዛሬ መኪናችን ስትፈላ የምንመለሰው ወደ በርታ ዘመን ነው ማለት ነው፤ ልዩነቱ፣ እርሷ መቆሙን አስቀድማ በጉዞዋ ቆጥራው ነበር።

ሞተሩ እስኪበርድ ምን ያህል ይጠበቃል ለሚል፣ ከግማሽ ሰዓት ማነስ የለበትም፤ በቆላ አንድ ሰዓት ይሻላል። ሞተር ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ከበፊቱ ይልቅ ይሞቃል፤ እሳቱ ቢቆምም በብረቱ ውስጥ የተከማቸው ገና ወደ ውኃው እየወጣ፣ ውኃው ግን ስለማይዞር ነው። ትዝ ያለው ሰው ዳዊቱን ይደግማል፤ ሌላው የያዘውን ውኃ መጀመሪያ ራሱ ይጠጣል። ይህን የምለው በከንቱ አይደለም፤ የጠማውና የተናደደ ሰው ክዳን ይከፍታል። ውኃ የያዘ መንገደኛ ሁለት ዕቃ ይያዝ፤ አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለመኪና፤ አንዱ የሌላውን እንዳይወስድ።

ቅብብሎሹ የት ላይ ተቋረጠ

ከቀዘቀዘ በኋላ ፍለጋው የሚከናወነው በሰልፉ ቅደም ተከተል ነው፤ ለዚህም ከዐይን፣ ከአፍንጫና ከእጅ በቀር መሣሪያ አያስፈልግም። በመጀመሪያ ከመቆሙ በፊት የታየውን ማስታወስ ነው። መርፌው ሲወጣ የባትሪው ቀይ መብራትም አብሮ በርቶ ከነበረ፣ ምዕራፍ 5ን ያነበበ ሰው ገና ኮፈኑን ሳይከፍት ያውቀዋል፤ በብዙ መኪናዎች ዲናሞውንና የውኃውን ፓምፕ የሚያዞረው አንዱ ቺንጊያ ስለሆነ፣ ሁለቱ በአንድነት የደከሙት ቺንጊያው ስለ ተበጠሰ ነው። በዚህ ጊዜ ሌላ ቺንጊያ ያልያዘ ሰው መኪና ከማስጎተት በቀር ብዙ አማራጭ የለውም፤ የሴት ናይሎን ካልሲ በቺንጊያ ፋንታ ይታሰራል የሚለው ወሬ በአሮጌ መኪና ላይ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ሠርቶ ሊሆን ይችላል፣ የዛሬዎቹን ሰፋፊ ቺንጊያዎች ግን አይተካም። መርፌው ላይ ወጥቶ በድንገት ከወደቀ ደግሞ ደስ አይበል፤ ሙቀቱን የሚለካው ጫፍ የሚነካው ውኃ አጥቶ ይሆናል።

ቺንጊያው ደኅና ከሆነ ማኒኮቶዎቹ ይታያሉ። የላይኛውን በጨርቅ ይዞ መጭመቅ ነው፤ ጠጠር ካለ ግፊቱ አልወጣም፣ ክዳኑም ገና አይነካም፤ ከለሰለሰ፣ ፊትን ዞር አድርጎ፣ በጨርቅ ክዳኑን ሩብ ያህል ብቻ ማዞርና የቀረው ትንፋሽ ሲሲ ብሎ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ራዲያተሩ ፊቱ በገለባና በነፍሳት ተሸፍኖ እንደ ሆነ ማራገፍ ነው። የዘይቱን መለኪያ መዝዞ ማየትም አይረሳ፤ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ወይም ጭሱ ነጭ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካወጣ፣ በሞተሩና በራሱ፣ ማለት በቴስታታው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ውኃው ከዘይትና ከእሳት ጋራ ተደባልቋል፤ እንዲህ ያለውን ሞተር አስነሥቶ መንዳት በአንድ ጓርኒሲዮን ፋንታ ሙሉ ሞተር መግዛት ነው።

የእኔው እንደ ረዳቱ ግምት ማኒኮቶው ሆኖ ተገኘ፤ ከላይኛው ማሰሪያ አጠገብ የጥፍር ያህል ተሰንጥቆ፣ በዙሪያው የደረቀ ውኃ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ስንጥቁ ከጫፉ አጠገብ ስለ ነበረ ማሰሪያውን አላላሁና፣ የተቀደደውን ጫፍ በቢላዋ ቆርጬ ቱቦውን መልሼ አስገባሁት፤ በላዩም ከመነዳሪውን እየጎተትሁ ጠምጥሜ አሰርሁበት። ከዚያ በፀሐይ ተሰጥቶ ለብ ካለው ውኃ፣ ሞተሩን አስነሥቼ፣ በጥቂት በጥቂቱ እያቆምሁ ጨመርሁ። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈሰሰች ልጅ እናቷ ምን እንዳለቻት ታስታውሳለች፤ የሞተር ራስም እንደ ምጣዱ ነው፣ በአንድ ወገን ሲኮማተር በሌላው ወገን ገና ተለጥጦ ስለሚቆይ ይሰነጠቃል። ክዳኑን እስከ መጨረሻው አላጠበቅሁትም፤ በመጀመሪያው መያዣ ላይ ተውሁት፤ ይህ በአሮጌ ዐይነት ክዳን ብቻ የሚሆን፣ ቁስለኛውን ማኒኮቶ ከግፊት የሚያሳርፍ ዘዴ ነው፤ ዋጋው ግን ውኃው እንደ ተከፈተ ድስት በ92 ዲግሪ ሊፈላ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ መንዳትና በየጥቂቱ መቆም ግድ ነው።

ሁለት ኩርባ እንደ ነዳሁ መርፌው ከእኩሌታው በታች ተቀምጦ አየሁትና ልቤ ዐረፈ፤ ወዲያውም ታኮ ያደረግኋቸው ድንጋዮችና ረዳቱ ያነጠፋቸው ቅርንጫፎች እዚያው አስፋልቱ ላይ መቅረታቸው ትዝ አለኝ። በሌሊት አንድ ሞተር ብስክሌተኛ ቢመጣባቸው የሚሆነውን አሰብሁ። ጥግ ይዤ አቆምሁ፤ ሞተሩንም አጥፍቼ በእግሬ ተመለስሁ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ወደ ተራራው ግርጌ አንከባለልሁ፤ ረዳቱ ሲቆርጠው እንዲያ ለምልሞ የነበረው ቅጠል በያዝሁት ጊዜ በእጄ ውስጥ ተፈረፈረ።